የወየበ ክዳን፣ የደነዘዙ ቁልፎች፦ ስለ አሮጌ ኮሞዶር 64 የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄ፦ እዚህ ፍራንክፈርት ከአሮጌ ዕቃ ገበያ ኮሞዶር 64 የተባለውን ቡናማ የድሮ የቤት ኮምፒውተር ገዛሁ። ሻጩ አብርቶ አሳይቶኛል፤ ለብዙ ዓመት ምድር ቤት ተቀምጦ እንደነበረም ነግሮኛል። የላይኛው ክዳን ከታችኛው ይልቅ ወይቧል። ገመዱ ተጠምጥሞበት በቆየበት ቦታ ላይ ደግሞ የቀለጠ የሚመስል ጎድጓዳ መስመር አለ። ከቁልፎቹ ጂ፣ ፒ እና 9 በኃይል ካልተጫኑ አይጽፉም፤ ሪስቶር የሚለውም አንዳንዴ እንጂ አይታዘዝም። ክዳኑን በሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ላንጣው? ኪቦርዱ ይድናል? በክረምት ወደ አዲስ አበባ ይዤው ሄጄ ለእህቴ ልጆች ልሰጣቸው አስቤያለሁ፤ የልጅ እጅ ይችላል?

ምላሽ፦ አጭሩን ላስቀድም። ክዳኑን አያንጡት። ሦስቱ ቁልፎች ይድናሉ፣ ሪስቶር ግን አልታመመም። የልጅ እጅም ይችላል። እኔን የሚያሰጋኝ የአውሮፕላኑ ጉዞ ነው፤ እሱን ወደ መጨረሻ አነሣዋለሁ።

ከሁሉ በፊት ግን ያልጠየቁኝን ልንገርዎት፣ ምክንያቱም ይህን ካለፍነው የቀረው ሁሉ ከንቱ ነው። ሻጩ ያበራልዎት አብሮት በመጣው ጥቁር ትራንስፎርመር ከሆነ ዳግመኛ አይሰኩት። ያ ከባድ ሳጥን 5 ቮልት ዲሲና 9 ቮልት ኤሲ ያወጣል። ውስጡ ሬዚን በሚባል ደርቆ በሚጠነክር ሙጫ ተሞልቶ የታሸገ ስለሆነ ሙቀቱ መውጫ የለውም፣ ሊጠገንም አይመችም። ሲያረጅ የ5 ቮልቱ መስመር ከልኩ በላይ ይወጣና መጀመሪያ ሜሞሪ ቺፖቹን ያቃጥላል። በቴስተር ለክተው 5 ቮልት ቢያገኙ እንኳ አይመኑት፤ ቀዝቃዛ ሳለ ደኅና ሆኖ ከሞቀ በኋላ የሚያመልጥ ብዙ ነው። ለዚህ ኮምፒውተር ተብሎ ዛሬ የሚሠራ አዲስ የኃይል ማደያ ጀርመን ውስጥ በቀላሉ ይገኛል። ለዚህ ዕቃ አንድ ነገር ብቻ የመግዛት አቅም ቢኖርዎት የምመክርዎት እሱን ነው።

አሁን ወደ ክዳኑ። የተሠራው ኤቢኤስ ከሚባል ፕላስቲክ ነው፤ አክሪሎናይትራይል፣ ቡታዳይን እና ስታይሪን ተዋሕደው የሚሰጡት ነው። ለእኛ ጉዳይ ዋናው ቡታዳይኑ ነው። እሱ ጎማ ነው፤ ፕላስቲኩ ሲወድቅ እንዳይሰበር፣ ትንሽ ሲጎብጥም መልሶ እንዲቃና የሚያደርገው እሱ ነው። ብርሃን፣ ሙቀትና ኦክስጅን ቀድመው የሚያጠቁትም እሱኑ ነው። ከኦክስጅን ጋር በተዋሐደ ቁጥር ላዩ ይወይባል፣ እየደረቀም ይሄዳል። በዘመኑ እሳት እንዳይዝ ተብሎ ይጨመርበት የነበረው ብሮሚን ያለበት ቅመምም መወየቡን ያፋጥናል ተብሎ በሰፊው ይነገራል። የቅመሙ መጠን ከአንዱ የምርት ዙር ወደ ሌላው ይለያይ ስለነበር የአንድ ኮምፒውተር ላይኛና ታችኛ ክዳን፣ አንዳንዴም ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ቁልፎች እኩል አይወይቡም። የእርስዎም እንዲሁ ነው። ጨለማ ምድር ቤት መቀመጡ ደግሞ ሙሉ በሙሉ አያድነውም፤ የጀመረው ለውጥ ያለ ብርሃንም በሙቀትና በአየር ብቻ ቀስ እያለ ይቀጥላል።

የማንጣቱ ዘዴ በ2008 እ.ኤ.አ. (የሚከተሉትም ዓመታት እንዲሁ ናቸው) በአሮጌ ኮምፒውተር ወዳጆች ዘንድ ሬትሮብራይት በሚል ስም ተስፋፋ። ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ፣ ብዙ ጊዜም ጸጉር ቤት የሚገኘውን ባለ 12 በመቶ ክሬም፣ ቀብቶ ፀሐይ ላይ ወይም አልትራቫዮሌት መብራት ሥር ማቆየት ነው። ቀለሙን ያነሣል፤ ይህን አልክድም። የተበላውን ጎማ ግን አይመልስም። ነጥቶ የወጣው ክዳን ያው የደረቀው ክዳን ነው፤ ጥንካሬው በአንዲት ነጥብ አልጨመረም። ቢጫውም በወራት ወይም በዓመታት ውስጥ ተመልሶ ይመጣል። ክሬሙ ባንዱ ቦታ ወፍሮ፣ ባንዱ ደርቆ ከዋለ ደግሞ ዝንጉርጉር መስመር ይተዋል፤ ከመወየቡ ይልቅ ዓይን የሚያስቀይመው ያ ነው፤ ለማስተካከልም እጅግ ያስቸግራል።

የእርስዎ ሞዴል የ1982ቱ ቡናማ ቅርጽ ነው። ከ1986 ወዲህ የመጣው ቀጠን ያለው ነጣ ያለው ኮሞዶር 64ሲ ቢሆን ኖሮ ጉዳዩን አስብበት ነበር፤ እሱ ሲወይብ በጣም ያስታውቃል። ለእሱም ቢሆን ክሬሙን ትቼ ክዳኑን በሙሉ ፈሳሹ ውስጥ እዘፍቀው ነበር፣ እኩል እንዲያገኘው። ቡናማው ላይ ግን ልዩነቱን የሚያየው አጠገቡ አዲስ ያስቀመጠ ሰው ብቻ ነው። ጥቁር ቡናማዎቹን ቁልፎች ደግሞ ፐርኦክሳይድ በጭራሽ አያስነኳቸው፤ ነጣ ያለ ጭጋግ የመሰለ ነገር ያወጡና እንደዚያው ይቀራሉ።

የሚበጀው እጥበት ነው። ክዳኖቹ በውስጡ ካለው ዋና የኤሌክትሮኒክስ ቦርድና ከኪቦርዱ ከተለያዩ በኋላ ለብ ባለ ውኃ፣ በዕቃ ማጠቢያ ሳሙናና ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ። ፊት ለፊት ያለውን የኮሞዶር ምልክትና ከሥር ያለውን የመለያ ቁጥር ወረቀት አይዘፍዝፉ። በብዙ ቤት የሚገኘውን ነጭ ማጥፊያ ስፖንጅ አይጠቀሙ፤ የሚያጸዳው በመፋቅ ስለሆነ የክዳኑን ደቃቅ ሸካራ ገጽ ጠርጎ ይወስደዋል፤ ያ ገጽ አንዴ ከሄደ አይመለስም። ሰዎች የወየበ ነው ብለው ካመጡልኝ ክዳኖች ውስጥ ብዙዎቹ ላይ ያየሁት የቆየ የሲጋራ ጢስና የእጅ ወዝ ነበር፤ በሳሙና ብቻ ነው የጸዱት።

የቀለጠ የመሰለዎት መስመር ሙቀት ያመጣው አይደለም። የገመድ ልባስ ፒቪሲ የሚባል ፕላስቲክ ነው፤ ፒቪሲ እንዲተጣጠፍ ማለስለሻ ዘይት ይጨመርበታል። ገመዱ ኤቢኤስ ላይ ተጠምጥሞ ለዓመታት ሲቀመጥ ያ ዘይት ቀስ ብሎ ወደ ክዳኑ ይሻገርና ፕላስቲኩን አልስልሶ ቦይ ያወጣበታል። ጠጋ ብለው ቢያዩት የገመዱ ክብ ጎን ልክ እንደ ማኅተም ወጥቶ ያገኙታል፣ ጠርዙም ላይ ያበጠ ከንፈር አለ። ይህን በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ ማስተካከል ይቻላል የሚል ሰው ያጋጥምዎታል፤ እሺ አይበሉት። ቦዩን ለማጥፋት ዙሪያውን ሁሉ መፋቅ ያስፈልጋል፣ ያም ሸካራውን ገጽ ይዞ ይሄዳል። እንዳለ ይተዉት፤ ከእንግዲህ ግን ገመድ ከክዳኑ ጋር አነካክተው አያስቀምጡ። የላስቲክ መጠቅለያና ባለ አረፋ ፕላስቲክም ለረጅም ጊዜ ከተነካኩ ቅርጻቸውን ያትማሉ። መጀመሪያ የጥጥ ጨርቅ፣ ከዚያ በላይ የፈለጉትን።

ሲከፍቱት ተጠንቀቁ፤ እነዚህ ክዳኖች በአብዛኛው የሚሰበሩት በአጠቃቀም ሳይሆን በአከፋፈት ነው። ከሥር፣ በፊት ለፊቱ ጠርዝ በኩል፣ ሦስት ብሎኖች አሉ። እነሱን ከፈቱ በኋላ የላይኛው ክዳን ከኋላ በኩል በመቆለፊያ ምላሶች እንደተያዘ ነው። ስለዚህ የፊቱን ጠርዝ ብቻ ወደ ላይ አንሥተው ወደ ኋላ እያጋደሉ ይክፈቱት፤ ቀጥ አድርገው ወደ ላይ ከሳቡት ምላሶቹ ቀጭ ይላሉ። ኪቦርዱ የታሰረው ላይኛው ክዳን ላይ ስለሆነ በደንብ ሳይከፍቱት ቆም ይበሉና የኪቦርዱን ሰፊ ገመድና ኮምፒውተሩ ሲበራ የምትበራዋን ትንሽ መብራት ቀጭን ገመድ ከዋናው ቦርድ ይንቀሉ፤ ሽቦውን ሳይሆን መሰኪያውን ይዘው። ሲዘጉ ደግሞ እያንዳንዱን ብሎን መጀመሪያ ወደ ግራ ያዙሩት። ጠብ ብሎ ወደ ቀድሞ ጥርሱ ሲገባ በካቻቢቴው ይሰማዎታል፤ ከዚያ በኋላ ወደ ቀኝ አጥብቁ፣ እምቢ እስኪል ሳይሆን ያዝ እስኪያደርግ ብቻ። በየጊዜው አዲስ ጥርስ የተቆረጠበት የፕላስቲክ ጉሮሮ ይሰነጠቃል።

ምላስ ከተሰበረ ሱፐር ግሉ ብቻውን አያስተማምንም፤ ይደርቅና በመጀመሪያው መታጠፍ ይለቃል፣ ዙሪያውንም ነጭ ብናኝ ያለብሳል። ኤቢኤስ በአሴቶን ይሟሟል። ስለዚህ ጥቂት የኤቢኤስ ቁራጭ፣ ለምሳሌ የተሰበረ የሌጎ ጡብ፣ በጥቂት አሴቶን አሟሙተው ወፍራም ሙጫ ሲሆን ከውስጥ በኩል ቢለስኑት ፕላስቲኩ ከፕላስቲኩ ጋር ይዋሐዳል። በውጭ በኩል አሴቶን ጠብ እንዳይል፤ የነካውን ገጽ ያበላሻል። መስኮት ከፍተው ይሥሩ፣ እሳትም አጠገብ አይኑር።

አሁን ወደ ኪቦርዱ፣ ሥራውም ያለው እዚህ ነው። ከእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር ሞላ አለ፣ ከሞላው ጋር የሚወርድ ዘንግ አለ፣ በዘንጉ ጫፍ ላይ ደግሞ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ጥቁር ጎማ አለ። ሲጫኑት ጎማው ከሥር ባለው ቦርድ ላይ ጎን ለጎን የተነጠፉትን ሁለት መስመሮች ያገናኛል። ሌላ ነገር የለውም። በሃያና በሠላሳ ዓመት ዕረፍት የሚደነዝዘው ይህ ጎማ ነው፤ ላዩ ላይ ቅባት ይወጣል፣ ቦርዱም ላይ አቧራና ዝገት ይቀመጣል፣ አንዱ ከሌላው ጋር በደንብ መነካካት ያቅተዋል። በኃይል ሲጫኑ የሚጽፈው ለዚህ ነው።

ከመፍታትዎ በፊት ግን ችግሩ በእርግጥ እዚያ መሆኑን ማወቅ ያሻል፤ የእርስዎ ሦስት ቁልፎች ደግሞ ደኅና ምስክር ናቸው። ኪቦርዱ 66 ቁልፎች አሉት። ከሪስቶርና ከሺፍት ሎክ በቀር 64ቱ በስምንት አግድምና በስምንት ቁም መስመሮች ተደራጅተዋል። ከአግድሞቹ አንዱ ላይ ለምሳሌ 3፣ 4፣ ደብሊው፣ ኤ፣ ኤስ፣ ኢ፣ ዜድ እና የግራው ሺፍት አብረው ይገኛሉ። እነዚህ ስምንቱ በአንድ ጊዜ ቢሞቱ ጎማ ማጽዳት ዋጋ የለውም፤ በሽታው ገመዱ፣ መሰኪያው ወይም ኪቦርዱን የሚያነበው 6526 የተባለው ቺፕ ነው። ጂ፣ ፒ እና 9 ግን በአግድምም በቁምም የሚጋሩት መስመር የለም። ሦስቱ ለየብቻ ደንዝዘዋል ማለት ነው፤ ቺፑ ደኅና ነው። ስትሞክሩ ጆይስቲክ የተባለው የጨዋታ መቆጣጠሪያ ከሁለቱም ማስገቢያ ይነቀል፤ ያው ቺፕ ጆይስቲክንም ስለሚያነብ አንደኛው ማስገቢያ ላይ የተሰካ የተበላሸ ጆይስቲክ ራሱ ፊደል ይጽፋል።

አፈታቱ እንዲህ ነው። ኪቦርዱን ከክዳኑ ያውጡ፣ ገልብጡት። ቦርዱን የያዙት በርካታ ጥቃቅን ብሎኖች ናቸው፤ በትንሽ ሳህን ይሰብስቧቸው። ሺፍት ሎክ ብቻ የራሱ ማብሪያ ማጥፊያ ስላለው በሁለት ቦታ በስታኞ ከቦርዱ ጋር ተያይዟል፤ እነዚያን ሁለት ነጥቦች ሳያላቅቁ ቦርዱን ቢጎትቱት መስመሩን ይቀድዱታል። ብዙ ኪቦርድ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። ቦርዱ ሲነሣ የጎማዎቹ ጫፎች በሙሉ ፊት ለፊትዎ ይታያሉ። የቦርዱን መስመሮች በአይሶፕሮፒል አልኮልና በጥጥ ይጥረጉ፤ ጥጡ መጥቆር ሲያቆም ይበቃል። ጎማዎቹን ግን አልኮል አያጠጧቸው፣ አስተላላፊውን ንብርብር ያጥባል። ንጹሕ ነጭ ወረቀት በጣትዎ ጫፍ ይዘው ጎማው ላይ ቀለል አድርገው ያሹት። ወረቀቱ ላይ ግራጫ ነቁጥ ይቀራል፤ ያ የወጣው ቅባት ነው። አንድ ሁለቴ ይበቃል። ከዚያ በቴስተር የጂ ቁልፍን ጎማ ይለኩና ሁልጊዜ ደኅና ከሚሠራ ከጎረቤቱ ከኤች ጋር ያነጻጽሩ። ንባቡ በጣም ከራቀ ጎማው ደክሟል፤ በግራፋይት ቀለም ስስ አድርጎ መቀባት ወይም ብዙም ከማይነካ ቁልፍ ጎማ ተውሶ ማለዋወጥ ይቻላል። ሲገጥሙ ብሎኖቹን ሁሉ መጀመሪያ ላላ አድርገው ያስገቡ፣ ከዚያ ከመሐል ወደ ዳር እያሉ ያጥብቁ፤ አንዱን ወገን አስቀድመው ካጠበቁ ቦርዱ ይጎብጥና ደኅና የነበሩ ቁልፎች ይታመማሉ።

ቁልፎቹን ለማጠብ መንቀል ከፈለጉ ቀጥ አድርገው ወደ ላይ ነው፤ በካቻቢቴ ከጎን አይፈንቅሉ፣ የዘንጉ አንገት ይሰነጠቃል። ከመንቀልዎ በፊት በስልክዎ ፎቶ ያንሡ። ሞላዎቹን ውኃ አያስነኩ። ረጅሙ ስፔስ ባር ከሥሩ የሽቦ ማመጣጠኛ አለው፣ ሲያወጡት በዝግታ። የሚጣበቅ ቁልፍ ካለ አብዛኛውን ጊዜ የፈሰሰ ለስላሳ መጠጥ ነውና እጥበት ይፈታዋል፤ ዘይት ማጠጣት አቧራ ሰብሳቢ ማድረግ ነው። የሚያብለጨልጩ ቁልፎች ካሉ ደግሞ ያ ቆሻሻ አይደለም፤ በጣት ታሽቶ የለሰለሰ ኤቢኤስ ነው፣ አይመለስም፤ በእኔ ዓይን የሚያስከፋም አይደለም።

ሪስቶርን በተመለከተ ምንም አያድርጉ። ይህ ቁልፍ ከሌሎቹ መስመር ውጭ ነው፤ ምልክቱ ካፓሲተር በሚባል አንድ ትንሽ የኤሌክትሪክ ክፍል በኩል አልፎ ነው ወደ ማቀነባበሪያው የሚሄደው። ቀስ ብለው ቢጫኑት ምልክቱ ሳይደርስ ይጠፋል። ከፋብሪካ ሲወጣም እንዲሁ ነበር፤ ፈጠን አድርገው መታ ያድርጉት።

የልጅ እጅ ይችል እንደሆነ ጠይቀውኛልና በዘመኑ ከነበሩት ጋር ላነጻጽረው። በዚያው በ1982 እንግሊዝ ውስጥ የወጣው የሲንክሌር ዜድኤክስ ስፔክትረም 40 የጎማ ቁልፎች አሉት፤ ከሥራቸው ያለው ግን ስስ የፕላስቲክ ሽፋን ነው፣ ከቦርዱ ጋር የሚገናኘውም በሁለት ቀጭን ጅራቶች። እነዚያ ጅራቶች በዕድሜ ደርቀው ክዳኑ ሲከፈት ብቻ ይቀነጠሳሉ፤ አይጠገኑም፣ አዲስ ሽፋን ተገዝቶ ይተካል። በሌላው ጫፍ በ1985 የመጣው የአይቢኤም ሞዴል ኤም ኪቦርድ አለ፤ የቁልፎቹ ቆብ ፒቢቲ ከሚባል ሌላ ፕላስቲክ ነው፤ አይወይብም ማለት ይቻላል፣ በቀላሉም በጣት ታሽቶ አያብለጨልጭም። የኮሞዶሩ ከሁለቱ መሐል ነው። እንደ አይቢኤሙ ብርቱ አይደለም፤ ግን እያንዳንዱ ክፍሉ ይፈታል፣ ይታጠባል፣ ይለወጣል። ከ12 ሚሊዮን በላይ ስለተሸጠ መለዋወጫው አልጠፋም፤ የ64ሲው የመጀመሪያ ቅርጽ ማውጫ ሳይቀር ተገኝቶ አዲስ ክዳን ተመርቶበታል፣ አዳዲስ የቁልፍ ቆቦችም ይሸጣሉ።

ስለዚህ ልጆቹ ይጠቀሙበት። እንዲያውም በየሳምንቱ የሚነካ ኪቦርድ ተዘግቶ ከተቀመጠ ይሻላል፤ መነካካቱ ራሱ ጎማውንና መስመሩን ያጸዳል። ሁለት ነገር ብቻ ያስለምዷቸው፦ ማንም ክዳኑ ላይ ክንዱን አስደግፎ ቴሌቪዥን እንዳያይ፣ እና በርቶ ሳለ ጆይስቲክ እንዳይሰኩና እንዳይነቅሉ። ከጣት የሚሻገር ስታቲክ የሚባለው የኤሌክትሪክ ብልጭታ ያንኑ 6526 ቺፕ ይገድለዋል።

አዲስ አበባ ላይ መብራቱ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ስለሆነ ከጀርመን የሚወስዱት አዲስ ማደያ እንዳለ ይሠራል። ኮምፒውተሩ ወደ ቴሌቪዥን ሥዕል የሚልክበት ሥርዓት ፓል ይባላል፤ ቴሌቪዥኑ የሚቀበለው መሆኑን አስቀድመው ይጠይቁ። ጠንቀቅ የሚያሰኘው ፀሐዩ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ አልትራቫዮሌት ጨረር ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ በ10 በመቶ ግድም ይጨምራል። ፍራንክፈርት መስኮት ሥር የሚወይበው እዚያ ቶሎ ይወይባል። ከመስኮት የራቀ ጠረጴዛ፣ ሲጠፋም የጥጥ ጨርቅ ልብስ።

ጉዞው ላይ ደግሞ ማደያውንና ኮምፒውተሩን በአንድ ሣጥን አያድርጉ። በፖስታና በሻንጣ ተሰብረው የሚደርሱት አብዛኞቹ ክዳኖች የሚሰበሩት ከውስጥ ነው፤ ከባዱ ማደያ እየተንከባለለ ይመታቸዋል። ኮምፒውተሩ በእጅ ሻንጣ ይሂድ፤ በጥጥ ፎጣ ተጠቅልሎ፣ ከቁልፎቹ በላይ ደግሞ ጠርዙ ክዳኑ ላይ ብቻ የሚያርፍ ካርቶን ተደርጎበት፣ ክብደት ዘንጎቹን እንዳይጫናቸው። ቦርዱን ጠርገው ከገጠሙ በኋላ ሦስቱ ፊደላት ካልተመለሱ፣ ወይም ደኅና የነበሩ ሌሎች ከቀሩ፣ የትኞቹ እንደሆኑ በስማቸው ዘርዝረው ይጻፉልኝ፤ ከዝርዝሩ የትኛው መስመር እንደተበጠሰ እነግርዎታለሁ።